ፋይሉ ደመና ላይ ወጥቷል

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሠፈራችን እናት፣ "ልጄ፣ አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህና እስቲ አብረኸኝ ሂድ" ብለውኝ ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተከትያቸው ሄጄ ነበር። እኚህ እናት ጧሪ ቀባሪ የሚባል የላቸውም። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ከሚሰጣቸው፣ ሠርተው መብላት ከማይችሉ አረጋውያን አንዷ ናቸው። በባንክ ደብተራቸው ጠብ የምትለዋ ገንዘብ ታዲያ ድንገት ቀረች። የመጀመሪያውን ወር "የመንግሥት ነገር ነው፣ ይዘገያል" ብለው ዝም አሉ። ሁለተኛውን ከባለሱቁ በዱቤ አለፉት። በሦስተኛው ወር ባለሱቁ ፊቱን አዞረባቸው። ያኔ ነው እኔን የፈለጉኝ።

እናላችሁ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ሁለት ሰዓት ከጠበቅን በኋላ ተራችን ደረሰ። መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፤ ይሄን ልመስክርላት። መታወቂያቸውን ተቀብላ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አደረገችና፣

"ማዘር፣ ሲስተም የለም" አለች።

"መቼ ይመጣል ልጄ?"

"አይታወቅም ማዘር።"

"ስብሰባ ሄዶ ነው?"

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ስቄያለሁ። ኋላ ነገሩን ሳብላላው ግን አፈርኩ። እኚህ እናት በዕድሜያቸው፣ ከቢሮ የጠፋ፣ የሚመለስበት ሰዓት የማይታወቅ፣ ድሃው ግን ቁጭ ብሎ ሊጠብቀው የሚገባ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቁት። እሱም ኃላፊው ነው። "ሲስተም" የሚባል ኃላፊ ተሹሞ ከሆነ እሳቸው በምን ያውቃሉ?

ልጅቷም ልታስረዳ ሞከረች። "ፋይልዎ እኮ አሁን እዚህ የለም ማዘር። ክላውድ ላይ ወጥቷል።"

"ምን ላይ?"

ጣቷን ወደ ኮርኒሱ ቀሰረች። "ደመና ላይ እንደማለት ነው።"

እናታችን ኮርኒሱን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ "በሉ እንግዲህ እስኪዘንብ እንጠብቃለና!" አሉ።

አሁን ይቺን ይዤ ክላውድን ልራገም የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ። የድሮውን መዝገብ ቤት የማያውቅ ሰው ካለ እሱ የታደለ ነው። አቧራው፣ በሲባጎ የታሰረው ካርቶን፣ አይጥ ጥግ ጥጉን የበላው ፋይል፣ "ዛሬ አልተገኘም፣ ማክሰኞ ይመለሱ" የምትል ድምፅ! ደግሞም የዚያ ዘመን ፋይል እግር ነበረው። ባለጉዳዩ ዝም ካለ እግር አውጥቶ ይጠፋል፤ "የሻይ" የምትል ቃል ሹክ ከተባለች ግን በመጣበት እግሩ ከተፍ ይላል። ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላ ቀበሌ መሸኛ ይዞ የሄደ ድሃ፣ እዚያ እስኪመዘገብ እዚህ ተሰርዞ፣ በሁለት ወንበር መሀል የሚወድቅበት ጊዜ ነበር። ያንን ዘመን ናፍቆ የሚያለቅስ ካለ ለብቻው ያልቅስ።

ለማያውቀው ሰው ክላውድ ማለት በአጭሩ የሰው ኮምፒዩተር መከራየት ነው። ድሮ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ማሽን ገዝቶ፣ ክፍል ለይቶ፣ ማቀዝቀዣ ተክሎ፣ ባለሙያ ቀጥሮ ነበር መረጃውን የሚያስቀምጠው። አማዞንን የመሰሉ ኩባንያዎች ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ፣ "ምን አስቸገራችሁ፣ እኛ ጋ አስቀምጡትና እንደ መብራት ቆጣሪ በተጠቀማችሁት ልክ ክፈሉ" ማለት ጀመሩ። ለድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከሠፈሩ የተፈናቀለ ሰው በደረሰበት ከተማ ስሙ ይገኛል። ፋይሉን ማን፣ በስንት ሰዓት እንደከፈተው ይመዘገባል፤ ስለዚህ ፋይል ደብቆ ሻይ መጠጣት ይከብዳል። የኮሮና ወረርሽኝ በእ.ኤ.አ. 2020 ዓለምን ቤት ባስቀመጠ ጊዜ፣ መዝገባቸው በኢንተርኔት የሚከፈትላቸው መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ከሳሎናቸው ሆነው የሰው ጉዳይ ሲጨርሱ፣ መዝገባቸው ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈባቸው ግን ቁልፉን ይዘው ቁጭ አሉ።

ይሄን ሁሉ አምኛለሁ። ጠቤ ከማሽኑ ጋር አይደለም። ጠቤ "ዘመንን" ብለን ዕቃውን ካስገባን በኋላ አመላችንን እዚያው እንዳለ ከምንተወው ከእኛ ጋር ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ደመናው ሰማይ ላይ አይደለም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ደለስ የሚባለው አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ የእኛም አየር መንገድ የሚያርፍበት ነው። እዚያ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን አሽበርን በሚባለው ሠፈር ሲያልፉ መስኮት የሌላቸው፣ መጋዘን የሚመስሉ፣ ግዙፍ ግራጫ ሕንፃዎች ያያሉ። ደመናው ያ ነው። ሲሚንቶ ነው፣ ሽቦ ነው፣ ማቀዝቀዣ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 20 ቀን 2025 በዚያው በሰሜን ቨርጂኒያ ባለው የአማዞን ማዕከል አንድ ብልሽት ቢፈጠር፣ በብዙ አገሮች ባንኩም፣ መተግበሪያውም፣ የመንግሥት አገልግሎቱም በአንድ ጠዋት ተንገዳገደ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሲያስነጥሱ ለንደን ላይ ጉንፋን ያዘ ማለት ነው።

"የራሳችንን ደመና እንሠራለን" የሚልም አለ። መልካም ነው፤ ግን የደቡብ ኮሪያን ነገር ስሙማ። በቴክኖሎጂ ከፊት ከሚጠሩት አገሮች አንዷ ናት አይደል? መንግሥቷ ለሠራተኞቹ አንድ የጋራ የደመና ማስቀመጫ ሠርቶ፣ "ሰነዶቻችሁን በየኮምፒዩተራችሁ አታስቀምጡ፣ እዚህ አስገቡ" ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2025 ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት የመረጃ ማዕከል የሊትየም ባትሪ እሳት አስነሣ። በመቶዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት አገልግሎቶች ቀጥ አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ያ የጋራ ማስቀመጫ ነበር። 858 ቴራባይት መረጃ ነደደ፤ ወደ 125 ሺህ የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች የሚገለገሉበት ነው። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ለምን ሲባል፣ "መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ" ተባለ። ትእዛዙን ጥሶ ሰነዱን በገዛ ኮምፒዩተሩ ያስቀረ "አመፀኛ" ሠራተኛ ካለ፣ የዚያን ዕለት ያለቀሰው እሱ አይደለም።

እኛም ጋ ሌላ ዓይነት እሳት አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ሕዝቡ ያየውን አይቷል። እንግዲህ የተረጂዎች ዝርዝር ያለው ደመና ላይ ብቻ ከሆነ፣ መስመሩ በተቆረጠ ማግሥት ስንዴ የሚያድለው ሰው ማንን ከማን ይለያል? ለረሃብተኛ "ኔትወርክ ሲመጣ ተመለስ" ይባላል?

ሁለተኛው ነገር ምሥጢር ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ባለጸጋ ሰው የቤቱን ገመና ለማንም የመናገር ግዴታ የለበትም። ድሃ ግን ዳቦ የሚሰጠው ገመናውን ዘርዝሮ ሲናገር ነው። ባሏ ይመታት እንደነበር፣ ልጁ የማን እንደሆነ፣ የምትወስደው መድኃኒት የምን እንደሆነ፣ ማታ ምን በልታ እንዳደረች፣ ሁሉ ቅጽ ላይ ይሞላል። ድጋፍ ሰጪ መሥሪያ ቤት የሚያከማቸው እንግዲህ ይሄን ነው። የባንክ ገንዘብ ቢሰረቅ ይተካል፤ የተሰረቀ ገመና በምን ይተካል?

ይሄ ደግሞ ተረት አይደለም። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጦርነትና ስደት የበተናቸውን ቤተሰቦች ፈልጎ የሚያገናኝበት ሥራ አለው። የእነዚህ ሰዎች መረጃ በኮንትራት ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለ የግል ኩባንያ ማሽኖች ላይ ተቀምጦ ነበር። በእ.ኤ.አ. ጥር 2022 የኮምፒዩተር ሰርሳሪዎች እንደገቡበት ኮሚቴው አስታወቀ። ከ515 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ነው የተነካው፤ የጠፉ፣ የታሰሩ፣ ከዘመድ የተለያዩ ሰዎች። ማሽኖቹን ለመጠበቅ ሲባል ማገናኛው ሥራ ራሱ ለጊዜው ቆመ። እናቱን የሚፈልግ ልጅ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ጠፋ ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሮድ አይላንድ የምትባል ትንሽ ግዛት አለች፤ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። የምግብ ድጎማውን፣ የድሆች ሕክምናውን፣ ሌላውንም እርዳታ በአንድ ሥርዓት ጠቅልላ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ አስይዛለች። በእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 ወንበዴዎች ገቡበት። ወደ 650 ሺህ የሚጠጋ ሰው መረጃ ተጋለጠ፤ ከግዛቲቱ ሕዝብ ከግማሽ በላዩ ማለት ነው። ሥርዓቱ ተዘጋና ለሳምንታት ማመልከቻ በወረቀት ሆነ። አያችሁት? እዚያም ቢሆን ክፉ ቀን ሲመጣ የተገኘው ወረቀት ነው።

እኛ ዘንድ አሁን ሕጉ አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ፣ የተሳሳተውንም የማስተካከል መብት አለው። ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው። ጥያቄው መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ስለዚህ አዋጅ ሰምታ ታውቃለች ወይ ነው። እናታችንማ እንኳን አዋጁን፣ "ሲስተም"ንም ሰው ነው ብለዋል።

ሦስተኛው፣ እኔን እንደሚመስለኝ ዋናው፣ ደመናው የሚሸከመው እኛ ያስጫንነውን ብቻ መሆኑ ነው። የተዝረከረከ መዝገብ ወደ ላይ ቢወጣ እዚያ ሄዶ አይታጠብም። እስቲ "ፀሐይ" የምትለዋን ስም ውሰዱ። አንዱ ጸሐፊ በፀሐዩ "ፀ" ይጽፋታል፤ ሌላው በጸሎቱ "ጸ"። መሀሏን አንዱ በሐመሩ "ሐ"፣ አንዱ በሃሌታው "ሀ"፣ አንዱ በብዙኃኑ "ኀ"። በትንሹ ስድስት ዓይነት መሆኗ ነው። እኛ ስንሰማት አንድ ሴት ናት፤ ያልተነገረው ማሽን ሲያያት ግን ስድስት ሴቶች ናት። በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ አይነሣ! ኃይለ ሥላሴ፣ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ እግዚአብሔር የሚባሉትን ስሞች ደግሞ አንዱ ለያይቶ፣ አንዱ አጣብቆ፣ አንዱ በእዝባር አሳጥሮ ነው የሚጽፋቸው።

የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ ነው። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ የተወለደች ሴት በ2018 ዓ.ም. ስልሳ ዓመቷ ነው። አንዱ ጸሐፊ ልደቷን ወደ ፈረንጅ ለውጦ 1965 ብሎ ካስገባ፣ ማሽኑ ደግሞ ያንን እንደ ሐበሻ ዘመን ካነበበው፣ ሴትየዋ በአንድ ሌሊት ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ይሆናል። ዕድሜ ሲቀንስ የማይደሰት ሴት የለችም ይባላል። አረጋዊ ተብላ የምትረዳዋ ሴት ግን አትደሰትም፤ ከመዝገብ ትሰረዛለችና። በጳጉሜን የተወለደው ምስኪንስ? አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ቅጽ ፊት እሱ ጭራሽ አልተወለደም።

ይሄን ጣጣ በውጭ ያሉ ወገኖቻችን አሳምረው ያውቁታል። ቨርጂኒያም ሆነ ሜሪላንድ፣ አንድ የሐበሻ ቤተሰብ ለልጆቹ ሕክምና ሲያመለክት ባልና ሚስት በየአባታቸው ስም፣ ልጆቹ ደግሞ በአባታቸው ስም ይቀርባሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት "የቤተሰብ ስም"! ቅጹን የሠራው ሰው የእኛን ስም አወጣጥ አያውቅምና፣ "እነዚህ ሰዎች በእርግጥ አንድ ቤተሰብ ናቸው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። እሱን መልስ የሚሰጠው ማሽኑ ሳይሆን ከመስኮቱ ወዲያ ያለ፣ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ሰውን ነቅሎ ማሽን ብቻ የተከለ ደግሞ ምን እንደገጠመው ኢንዲያናን መጠየቅ ነው። ክላውድ የሚለው ቃል ገና ሳይለመድ፣ በእ.ኤ.አ. 2006 መጨረሻ፣ ያቺ የአሜሪካ ግዛት የድሆች እርዳታ ሥራዋን ለማዘመን ከአይቢኤም ጋር የአሥር ዓመት ውል ተፈራረመች፤ ዋጋው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ባለጉዳዩን በስም የሚያውቁት የየወረዳው ሠራተኞች ቀርተው በቦታቸው የስልክ ማዕከልና የኢንተርኔት ቅጽ መጣ። የተላከ ሰነድ ይጠፋል፤ ስልክ ሲደወል ሌላ ሰው ያነሣል፤ መጨረሻ ላይ "አመልካቹ አልተባበረም" ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። ጩኸቱ ሲበዛ በእ.ኤ.አ. 2009 አስተዳዳሪው ራሳቸው ውሉን ሰረዙት። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱና ኩባንያው ፍርድ ቤት ተካሰው እስከ 2020 ድረስ ሲጓተቱ ኖሩ። ዝሆኖቹ በሚሊዮን ዶላሮች ሲካሰሱ፣ "አልተባበረችም" ተብላ መድኃኒቷ የተቋረጠባት ሴት ግን ያለፋትን ወር የሚመልስላት አልተገኘም።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ክላውድ የኪራይ ቤት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ስለ ኪራይ ቤት ምክር አያስፈልገውም። ቤት ስንከራይ ምንድነው የምንጠይቀው? ኪራዩ በየስንት ጊዜ ይጨምራል? ውኃ ሲጠፋ በርሜል አለ? ቁልፉ ስንት ሰው እጅ ላይ ነው? ስንለቅ ዕቃችንን ቆጥረን እንወጣለን ወይ? ለአንድ ክፍል ቤት ይሄን ሁሉ የምንጠይቅ ሰዎች፣ የመቶ ሺዎች ድሆች ገመና የሚገባበትን ቤት ስንከራይ ለምን በጭብጨባ ብቻ እንፈርማለን?

መሥሪያ ቤቱ ደመና ላይ ይውጣ፤ ግድ የለም። ግን መስመር ሲቆረጥ ሥራ የሚቀጥልበት የታተመ ዝርዝር በየወረዳው ይኑር። ቅጂው ሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም በእርግጥ እንደሚከፈት ይሞከር። ከተረጂ ላይ የሚጠየቀው መረጃ ለእርዳታው የሚያስፈልገው ብቻ ይሁን፤ ያልተሰበሰበ ምሥጢር አይሰረቅም። ስምና ዘመን የሚገቡበት ሥርዓት ፊደላችንንና ጳጉሜንን የሚያውቅ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ማሽኑ ሰርዞዎታል" ሲባል፣ "አይ፣ ተሳስቷል" ብሎ የሚፈርም፣ ስም ያለው፣ ወንበር ያለው ሰው ይኑር። "ሲስተም" አይከሰስም፣ አይወቀስም፣ ይሉኝታም የለውም።

ወደ እናታችን ልመልሳችሁ። ያን ዕለት ልንሄድ ስንነሣ ልጅቷ ዙሪያዋን ገልመጥ አደረገችና፣ "ጋሼ፣ ቆይማ" ብላ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አንድ ያረጀ ባለመስመር ደብተር አወጣች። ዝርዝሩ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ "ለማንኛውም" ብላ በእጇ ገልብጣው ኖሯል። ፈላልጋ አገኘቻቸው። በማግሥቱ "ሲስተም" ከስብሰባው ሲመለስ አመሳክራ ነገሩን ደረሰችበት። እናታችን ደመናው ላይ ሁለት ሆነው ኖረዋል! አንዷ በፀሐዩ "ፀ"፣ ሌላዋ በጸሎቱ "ጸ"። አንዷ ድጋፍ ይገባታል የተባለችው፣ ሌላዋ የባንክ ደብተር ያላት። ማሽኑም የማትተዋወቁ ሴቶች ናችሁ ብሎ ገንዘቡን አቆመው።

ማስተካከያው ተጽፎ ወደ ላይ ተልኳል። ይሄን ስጽፍ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ መልስ አልመጣም። ያቺ ደብተር ግን እንዳታስጠይቃት ብዬ የወረዳውን ስም ሳልጽፍ ቀርቻለሁ።

ለእናታችን ነገሩን እንደምንም አስረዳኋቸው። ሁለት ሆነው ተመዝግበው እንደነበር ስነግራቸው ብዙ አሰቡና፣ "እንዲያውም ደግ ነው ልጄ" አሉኝ። "እዚያ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ እንኳ አትራብም። የምትራበው እዚህ ያለችው ናት።"